ካቡ ከኳሷ በፊት እዚያ ነበር

ሰሞኑን በአማርኛ የታተመ አንድ የስፖርት ጽሑፍ እያነበብኩ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው ወደ ስኮትላንድና ወደ አየርላንድ ተጉዘው፣ በባሕር ዳር ባሉት ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ አንድ ሳምንት ተጫውተው ተመልሰዋል። የጻፉት አጭርና ቁጡ ነው። እነዚህ ሜዳዎች የሚወደሱባቸው እንግዳ ነገሮች በሙሉ ጉድለቶች ናቸው፣ ጉድለት ደግሞ ይታረማል እንጂ አይሞገስም ይላሉ። ክሳቸው አምስት ነው። ተጫዋች ግቡን ሳያይ በጭፍን እንዲመታ ማስገደድ ችሎታን በዕድል መተካት ነው፤ በሜዳ መካከል የድንጋይ ካብ፣ መንገድና የሆቴል ጥግ መኖሩ የንድፍ ስንፍና ነው፤ ሁለት ጉድጓዶች አንድ ግሪን፣ ማለትም ኳሷ ተንከባላ ወደ ጉድጓድ የምትገባበትን ለስላሳ ሣር፣ መጋራታቸው አደጋ ነው፤ የዛሬው ኳስና ዘንግ እነዚህን መሰናክሎች ትርጉም አሳጥቷቸዋል፤ ሰው የሚወዳቸውም ናፍቆትና የቱሪዝም ንግድ ስላሳመኑት ነው። ከአምስቱ በሁለቱ ውስጥ እውነት አለ። የትኞቹ እንደሆኑ እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

እኔ የምኖረው ኤድንብራ ነው። ለየትኛውም የጎልፍ ክበብ አልሠራም። ጥሩ ተጫዋችም አይደለሁም፤ በዓመት ውስጥ በሣርና በባሕር የማስቀራቸው ኳሶች ዋጋ ቢደመር ለፋሲካ አንድ ደህና በግ ይገዛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ጸሐፊው የእነዚህ ሜዳዎች ጠበቆች ሁሉ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚል ጥርጣሬ ጣል አድርገው ስላለፉ ነው። የእኔ ጥቅም ኪሳራ ብቻ ነው።

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት የሚጀምረው «ንድፍ» ከሚለው ቃል ነው። ሊንክስ የሚባለው በባሕሩና በሚታረሰው መሬት መካከል የተዘረጋ አሸዋማ ሰርጥ ነው። የበረዶው ዘመን አልፎ ባሕሩ ሲሸሽ የተወውን አሸዋ ነፋስ ከመረው፣ ሣር ያዘው፣ ጉብታና ስርጉድ ሆኖ ቀረ። እርሻ አይሆንም፣ ዛፍም እምብዛም አያበቅል። ስለዚህ ለበግ፣ ለጥንቸል፣ ልብስ ለማስጫ እና ለጨዋታ ተተወ። በጎቹ ከነፋስ የተጠለሉባቸው ስርጉዶች ሣራቸው እየተላጠ አሸዋቸው ሲገለጥ፣ ዛሬ ባንከር የምንላቸው የአሸዋ ወጥመዶች ከዚያ እንደተወለዱ ይነገራል። ስለዚህ በመጀመሪያ መሬቱ ነበረ፤ ተጫዋቹ የመጣው ኋላ ነው፤ ንድፍ አውጪ የሚባለው ሰው ደግሞ ከሁሉም ኋላ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ አንድ እሑድ ሴንት አንድሩስ ወሰድኳት። እዚያ ያለው ኦልድ ኮርስ፣ በዓለም እጅግ ታዋቂ የሆነው የጎልፍ ሜዳ፣ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ይዘጋል፤ የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ምክንያቱም መሬቱ የሕዝብ ነው። እናቴ ሻሿን ከነፋሱ በአንድ እጇ ይዛ ያንን ልጭት ያለ ሣር ዳር እስከ ዳር አየችና «እንዲህ ያለ ሣር እያለ በጎቹ የታሉ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ኋላ ሳስበው ግን ለዘመናት ሣሩን ያጨዱት በጎች መሆናቸውን ከጸሐፊው ይልቅ የተረዳችው እሷ ናት። በሰሜን ስኮትላንድ ብሮራ በሚባለው ሜዳ ዛሬም በጎችና ከብቶች በተጫዋቾቹ መካከል ይግጣሉ፤ ግሪኖቹ እንዳይረገጡ በኤሌክትሪክ ሽቦ ታጥረዋል። ጸሐፊው ብሮራ ቢሄዱ ኖሮ ክሳቸው ስድስት በሆነ ነበር።

በ1744 በሊዝ፣ ከኤድንብራ ወደብ አጠገብ፣ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ የጎልፍ ሕጎች 13 ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኳስህን ለመምታት ብለህ ድንጋይ፣ አጥንት ወይም የተሰበረ ዘንግ ማንሳት አትችልም ይላል፤ በለስላሳው ሣር ላይ፣ ከኳስህ በአንድ ዘንግ ርዝመት ውስጥ ካልሆነ በስተቀር። አጥንት! ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሜዳቸው ላይ አጥንት እንደሚገኝ ያውቁ ነበር፤ ሜዳው እንዲጠረግላቸው ግን አልጠየቁም። የዚህ ጨዋታ ጠባይ ከመነሻው ይኸው ነው። ኳሷ ካረፈችበት ትመታለህ።

ወደ ጭፍኑ ምት ልምጣ፤ ጸሐፊው ብዙ ቀለም ያፈሰሱት እዚህ ላይ ነውና። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ተሳልቀዋል። ሣቄ መጥቷል፣ አልክድም። ይሁን እንጂ በላሂንች ላሟ ያለችው በሰማይ አይደለም፤ ከጉብታው ጀርባ ናት። ላሂንች በምዕራብ አየርላንድ፣ ክሌር በሚባለው አውራጃ፣ በአትላንቲክ ዳር ያለ ሜዳ ነው። አምስተኛው ጉድጓድ ዴል ይባላል፤ በጎልፍ ጉድጓድ የሚባለው ቀዳዳው ብቻ ሳይሆን ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው መስመር በሙሉ ነው። ርቀቱ ከ150 ያርድ ብዙም አይዘልም፤ በአንድ ምት ግሪኑ ላይ ማሳረፍ ይጠበቃል። ከመነሻው ላይ ቆመህ ፊትህን ስታይ ግን ግሪን የለም፣ ባንዲራ የለም። ያለው ረጅም ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ነው፤ ኮረብታው ገጽ ላይ አንዲት ነጭ ድንጋይ ተቀምጣለች። ግሪኑ ከኋላ በሁለት ኮረብታዎች መካከል ተሸጉጧል። ጉድጓዱ በየቀኑ ቦታ ሲለውጥ ድንጋዩዋም አብራ ትዛወራለች።

እንግዲህ ተጫዋቹ ምን ተነፈገ? አቅጣጫውን ድንጋዩ ነግሮታል። ርቀቱ ተጽፎለታል። ነፋሱ ጉንጩን እየመታው ነው። የተነፈገው ማየትን ብቻ ነው። ችሎታ ማለት የሚታየውን መምታት ብቻ ከሆነ፣ ያልታየውን አምኖ እጅ ሳይንቀጠቀጥ መምታት ምን ሊባል ነው? ከምቱ በኋላ ያለችው ጉዞ ደግሞ አለች። ዘንግህን ይዘህ ኮረብታውን ስትወጣ፣ እርምጃህ ሳታውቀው ይፈጥናል፤ ጫፉ ላይ ደርሰህ አንገትህን ስታሰግግ ኳስህ ከጉድጓዱ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ወይም በኮረብታው ሣር ውስጥ ተቀብራ። ሁሉ ነገር ገና ከመነሻው በሚታይበት ሜዳ ይህች ጉዞ የለችም።

ከዴል በፊት ያለው አራተኛው ጉድጓድ ክሎንዳይክ ይባላል፤ በመስመሩ መካከል የተገተረ ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ አለው፤ ሁለተኛው ምት በላዩ መብረር አለበት። ኮረብታው አናት ላይ መንገዱ ነጻ መሆኑን ምልክት የሚሰጥ ሰው ይቆማል። በ1927 የሜዳ ንድፍ አውጪው አሊስተር ማኬንዚ ይህን ሜዳ እንደገና ሲያዋቅር ብዙ ነገር ለወጠ፤ እነዚህን ሁለት ጉድጓዶች ግን ተወ። ማኬንዚ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከታዋቂው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር በአሜሪካ ኦጋስታ ናሽናልን ያቀደ ሰው ነው። ንድፍ ስላላወቀ ነው የተዋቸው ሊባል አይችልም።

ጸሐፊው አንድ ጊዜ ብቻ መጫወታቸውን አይርሱ። ጭፍኑ ምት ጭፍን የሚሆነው ለእንግዳ ነው። ሁለተኛ ቀን ሲመለሱ ኮረብታው ያው ኮረብታ ነው፤ ከኋላው ምን እንዳለ ግን ያውቃሉ። የገጠር ልጅ በጨለማ ወንዝ ሲሻገር የሚረግጠውን ድንጋይ አያየውም፣ ያስታውሰዋል። ማስታወስ በስፖርት ውስጥ ችሎታ ነው፤ ዛሬ ሁሉን በስልክ የምናይ ሰዎች ስለሆንን ዋጋው ረክሶብን ይሆናል እንጂ።

በዚሁ ክፍል አንድ የታሪክ ስሕተትም አለ፣ ሳላርመው አላልፍም። ከጎልፍ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነው ኦፕን ሻምፒዮና ፕሬስትዊክ የተባለውን የስኮትላንድ ሜዳ የተወው በጭፍን ጉድጓዶቹ ምክንያት ነው ብለዋል። ኦፕን የተጀመረው በ1860 እዚያው ፕሬስትዊክ ነው፤ ስምንት ሰዎች በ12 ጉድጓድ ሜዳ ላይ ሦስት ዙር ተጫውተው ዊሊ ፓርክ በ174 ምት አሸነፈ። ያንን ጨምሮ ሜዳው ውድድሩን በድምሩ 24 ጊዜ አስተናግዷል። «አልፕስ» እና «ሂማላያ» የሚባሉት ጭፍን ጉድጓዶች በእነዚያ ዓመታት ማንንም አላባረሩም። የመጨረሻው ውድድር የተካሄደው በ1925 ነው፤ ያን ቀን ማክዶናልድ ስሚዝ እየመራ ለመጨረሻው ዙር ወጣ፣ ተመልካቹ ግን ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ ሜዳውን አጥለቀለቀው፣ ስሚዝ በሰው ባሕር ውስጥ እየተጋፋ 82 መታ፣ ዋንጫውን ጂም ባርንስ ወሰደው። ሜዳው ያን ሁሉ ሕዝብ መሸከም አለመቻሉ ታየ። ጥፋተኛው ሰው መብዛቱ እንጂ ኮረብታው አልነበረም። አልፕስና ሂማላያ ዛሬም እዚያው አሉ፤ ፕሬስትዊክ የባቡር ጣቢያ ወርዶ መጫወት ይቻላል።

«ፍትሐዊነት» የሚለውን ቃል ጸሐፊው ደጋግመው ይጠቀማሉ። ከኢትዮጵያዊ ጸሐፊ መስማቴ ገረመኝ። እኛ እኮ የአገር አቋራጭ ሩጫ ሰዎች ነን። በመጋቢት ወር 2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከቤቴ በእግር በሚደረስበት በሆሊሩድ ፓርክ የዓለም የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሲካሄድ የቀነኒሳ በቀለ ጫማ በሩጫው መካከል ከእግሩ ወለቀ። ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ አጠለቀው፣ የሄደውን ቡድን አሳዶ ደረሰ፣ አሸነፈ። ጥሩነሽ ዲባባም በዚያው ቀን በሴቶቹ ድል አደረገች። ያ መናፈሻ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ሣሩም ለስላሳ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም መሬቱ ይደልደልልን አላሉም። ፍትሑ ያለው ጭቃው ለሁሉም ያው ጭቃ በመሆኑ ነው። በገና ጨዋታስ ቢሆን፣ ሜዳው ጉብታ አለው፣ ጥንጓ የት እንደምትነጥር አይታወቅም፣ የጌታው እግር በእረኛው ገና ይመታል፤ ለዚህ ነው አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት። ጸሐፊው የተቆጡ ጌታ ሆነውብኛል።

ሁለተኛው ክስ ስለ ካቡ ነው፤ እዚህ ላይ የግል ጉዳይ አለኝ። ከኤድንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲኬድ ኖርዝ ቤሪክ የምትባል ከተማ ትገኛለች። የምዕራቡ ሜዳ ዌስት ሊንክስ ይባላል፤ በስተ ባሕሩ በኩል በባሕር ወፎች የነጣው ባስ ሮክ ይታያል። 13ኛው ጉድጓድ ስሙ ፒት ነው። ግሪኑ በአሸዋ ጉብታና በዝቅተኛ የድንጋይ ካብ መካከል በጠባብ ስርጉድ ውስጥ ተኝቷል፤ ካቡ በግሪኑ አፍ ላይ በሰያፍ ያልፋል። ኳስህን በካቡ ላይ አዝልለህ፣ ከካቡ ማዶ ወዲያው እንድትቆም ማድረግ አለብህ።

የመጀመሪያ ቀኔ ኳሴ ከካቡ ሥር፣ ከድንጋዩ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ አረፈች። ባንዲራው ከካቡ ማዶ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ። ዘንጌን የማወዛውዝበት ቦታ ግን አልነበረኝም። አብሮኝ የነበረው ሽማግሌ ስኮትላንዳዊ ከሣንባው ጢሱን እያወጣ በዝምታ ቆሞ አየኝ። ኩራቴ ወደ ፊት ምታ አለኝ። መታሁ። ኳሷ ድንጋዩን ነክታ በጉልበቴ አጠገብ አልፋ ከነበረችበት የባሰ ቦታ ሄደች። ሽማግሌው ያኔ ብቻ አፉን ከፈተና ካቡ ከእኔም ከእሱም ዕድሜ እንደሚበልጥ በትሕትና ነገረኝ። ሌላ አልጨመረም። ቀጥሎ ወደ ኋላ፣ ከባንዲራው ተቃራኒ መታሁ፤ ከዚያ በካቡ ላይ አዝልዬ አሳረፍኩ። ለዚያ ጉድጓድ ሰባት ጻፍኩ። የተማርኩት ነገር ቢኖር ወደ ኋላ መምታትም ምት መሆኑን ነው፤ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ አሥር ዓመት ብጫወት ይህን የሚያስተምረኝ አልነበረም።

ጸሐፊው የሆቴል ጥግ ያሉት ደግሞ የሴንት አንድሩስን 17ኛ ጉድጓድ፣ ሮድ ሆልን ነው። የመጀመሪያው ምት በሆቴሉ ግቢ ባሉ አረንጓዴ መጋዘኖች ላይ ይበራል። ጸሐፊው ያልነገሩን ነገር አለ። እነዚያ መጋዘኖች በጥንት ዘመን የባቡር መጋዘኖች ነበሩ፤ ፈርሰው ቦታው የሆቴል ሲሆን፣ ቅርጻቸው ተመስሎ እንደገና ተሠራ። ያለ መጋዘኖቹ ጉድጓዱ ጣዕም አጣ ማለት ነው። ስንፍና ቢሆን ኖሮ መሰናክሉን ማን መልሶ ይሠራዋል? ከግሪኑ በስተ ኋላ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ ካብ አለ፣ ከፊቱ ደግሞ ጥልቅ ባንከር። መንገዱ ላይ የወደቀች ኳስ ካረፈችበት ትመታለች፤ ምሕረት የለም።

በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ ግሪኑን በሁለት ምት አገኘ፤ ከዚያ ሲያንከባልላት ኳሷ በተዳፋቱ ተንሸራታ ባንከሩ ውስጥ ገባች። ለመውጣት አራት ምት ፈጀበት፣ ጉድጓዱን በዘጠኝ ጨረሰ። በ1984 ቶም ዋትሰን ስድስተኛ የኦፕን ድሉን ሲያሳድድ ሁለተኛው ምቱ መንገዱን አልፎ ካቡ ሥር አረፈ፤ ዋንጫው የሴቬ ባሌስቴሮስ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ለጸሐፊው የሚመች ታሪክ ነው። በ2010 ግን ሚጌል አንሄል ሂሜኔዝ ኳሱ ካቡ አጠገብ ስታርፍበት፣ ጀርባውን ለባንዲራው ሰጥቶ ኳሷን ሆን ብሎ ከካቡ ጋር አጋጫት፤ ነጥራ በአናቱ ላይ አልፋ ግሪኑ ላይ ወረደች። በ2022 ካሜሮን ስሚዝ ባንከሩ በእሱና በባንዲራው መካከል ሲቆምበት በላዩ አላዘለላትም፤ ማንከባለያ ዘንጉን አንሥቶ በተዳፋቱ ላይ ዳር ዳሩን አዞራት፣ ቀጥላ ያለችውንም አስገባ፣ ያን ኦፕን በአንድ ምት ልዩነት አሸነፈ። ሂሜኔዝ ካቡን መሣሪያ አደረገው፤ ስሚዝ ባንከሩን እንደ ዋርካ ዞረው። ካቡና ባንከሩ ባይኖሩ ሁለቱ ምቶች ከናካቴው ባልተወለዱ ነበር።

የጋራ ግሪንን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ኦልድ ኮርስ ከ18ቱ ጉድጓዶች ለ14ቱ ሰባት ትላልቅ ግሪኖች ብቻ አሉት፤ ሁለተኛው ከ16ኛው፣ ሦስተኛው ከ15ኛው፣ እንዲህ እያለ የሚጋሩት ቁጥሮች ድምር ሁልጊዜ 18 ነው። ልጆቼ የመደመር ትምህርት የተለማመዱበት ሜዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጥንት መሄጃውም መመለሻውም አንድ ጠባብ መስመር ስለነበር ነው፤ ሰው ሲበዛ ግሪኑ ሰፋና ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረበት። አደጋን በተመለከተ ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው። የጎልፍ ኳስ ጭንቅላት ትሰብራለች፤ በ1ኛውና በ18ኛው ጉድጓድ መስመር ላይ ደግሞ የሕዝብ መንገድ ያቋርጣል። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግም ሰው በጎልፍ ሜዳ አቋርጦ እንዲያልፍ መብት ሰጥቷል። ሰዉ ለዚህ የሰጠው መልስ ግን ሜዳውን ማፍረስ አልነበረም። በጭፍን ጉድጓዶች አጠገብ ደወል ይሰቀላል፤ ጨርሰህ ስትወጣ ትደውላለህ፣ የኋላው ሰው ያኔ ይመታል። ኢሊ በሚባለው ሜዳ ደግሞ የመጀመሪያው ምት በኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ተጫዋቾችን የሚያስነሣው ሰው ጎጆ ውስጥ ኤክስካሊበር ከተባለች የጦር ሰርጓጅ መርከብ የተወሰደ የማያ ቱቦ ተተክሏል። ሰውየው ዓይኑን ቱቦው ላይ አድርጎ ከኮረብታው ማዶ ያሉት ሰዎች መራቃቸውን አይቶ «ምታ» ይልሃል። የባሕር ኃይል ዕቃ ለጎልፍ ኮረብታ! ጸሐፊው ይህን አይተው አለመሣቃቸው ያሳዝነኛል።

አራተኛው ክስ ግማሽ እውነት ነው። ኳስ ዛሬ ሩቅ ትበራለች፤ ስሚዝ በ2022 ኦልድ ኮርስን በአራት ቀን 268 ምት፣ ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተወሰነው የምት ብዛት፣ 20 በታች፣ ጨርሷል። ነገር ግን ቴክኖሎጂ ያሸነፈው ርዝመትን ነው። እንግዳነትን አላሸነፈም። ሮያል ትሩን በሚባለው የስኮትላንድ ሜዳ ስምንተኛው ጉድጓድ «የፖስታ ቴምብር» ይባላል፤ ርዝመቱ 123 ያርድ ነው፣ ኦፕን ከሚካሄድባቸው ጉድጓዶች ሁሉ አጭሩ። በ1950 ጀርመናዊው አማተር ሄርማን ቲሲስ በዚያች ቴምብር ላይ 15 ምት አጠፋ። በ1973 ጂን ሳራዘን በ71 ዓመቱ በአንድ ምት አስገባት፤ በማግሥቱ ደግሞ ከባንከር ውስጥ በቀጥታ አስገባት፣ በሁለቱ ቀን በዚያች ጉድጓድ ማንከባለያ ዘንጉን አልነካም። እዚያ ቦታ ላይ 300 ያርድ የሚልክ ጡንቻ ምን ይፈይዳል? አዲስ ሜዳ የሚሠሩ ሰዎች ርዝመት ከመጨመር ይልቅ ቴምብሯን ቢያጠኑ ይሻላቸው ነበር።

ናፍቆት ነው የሚለውን ክስ ለመመለስ አንድ ሰው ይበቃኛል። አሜሪካዊው ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ በ1872፣ በ16 ዓመቱ፣ ለትምህርት ሴንት አንድሩስ ተላከ። ካደገ በኋላ በሎንግ አይላንድ ናሽናል ጎልፍ ሊንክስ ኦፍ አሜሪካን ሲሠራ ከኖርዝ ቤሪክ «ሬዳን» የተባለውን 15ኛ ጉድጓድ፣ ከፕሬስትዊክ ደግሞ አልፕስን አምጥቶ በራሱ መሬት ላይ ተረጎማቸው። ሬዳን በክራይሚያ ጦርነት በነበረ ምሽግ ስም የተጠራ ነው፤ ግሪኑ ከተጫዋቹ ርቆ ወደ ግራ ኋላ ያዘነብላል፣ ፊቱን ጥልቅ ባንከር ይጠብቀዋል፤ ወደ ባንዲራው በቀጥታ ከመታህ ትጠፋለህ፣ በቀኝ ጥለህ መሬቱ ራሱ እንዲያንከባልልልህ ማድረግ አለብህ። ከመነሻው ላይ ሆነህ ግሪኑ በደንብ አይታይም። ከዓለም ጉድጓዶች ሁሉ ብዙ ጊዜ የተቀዳው ግን ይኸው ነው። ናፍቆት አይቀዳም፤ የሚቀዳው የሚሠራ ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውላቸው፦ ፎቶ እንዲነሣ ብቻ በመስመሩ መካከል ቋጥኝ አምጥተው የሚተክሉ ዘመናዊ ሜዳዎችን እኔም አልወድም። ማክዶናልድ የቀዳው የመሬቱን ዝንባሌ ነው፤ እነዚህ የሚቀዱት መልኩን ነው።

ቦቢ ጆንስም መጀመሪያ ሲመጣ ሴንት አንድሩስን ጠላው። በ1921፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በሦስተኛው ዙር 11ኛው ጉድጓድ ላይ ተማርሮ ኳሱን አንሥቶ ውድድሩን ተወ። በ1927 እዚያው ኦፕንን አሸነፈ፤ በ1958 ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠችው፤ ከእሱ በፊት ያን ክብር ያገኘው አሜሪካዊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነበር። የጸሐፊው ጽሑፍ የ1921 ጆንስ ጽሑፍ ነው። ስድስት ዓመት እጠብቃቸዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ጸሐፊው ሁሉ ሜዳ እንደ ሚዩርፊልድ ይሁን ብለዋል፤ ሁሉ የሚታይበት፣ ጭፍን ምት የሌለበት ያህል፣ ከሊንክስ ሁሉ ፍትሐዊው የሚባል ሜዳ ነው። ጥሩ። በ2002 ታይገር ዉድስ የዚያን ዓመት ሁለቱን የአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች፣ ማስተርስንና ዩኤስ ኦፕንን፣ አሸንፎ ሚዩርፊልድ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ማዕበልና ዝናብ መጣ፤ በማለዳ የተጫወቱት ብዙዎቹ ደርቀው ገብተዋል፣ ከሰዓት የወጡት ግን በዝናቡ በሰበሱ። ዉድስ 81 መታ። በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ 65። ዓይን ያወጣ አድልዎ የተፈጸመው እንግዲህ ጭፍን ምት እምብዛም በሌለበት፣ እጅግ በተስተካከለው ሜዳ ላይ ነው። ካብ ለጠዋቱም ለማታውም ተጫዋች ያው ካብ ነው።

ጸሐፊው እንደገና ወደዚህ የሚመጡ ከሆነ ግብዣዬን ይቀበሉኝ። ከዌቨርሊ ጣቢያ ባቡሩ ወደ ኖርዝ ቤሪክ በየሰዓቱ ይነሣል፤ ቲኬቱም ምሳውም በእኔ ነው። 13ኛው ላይ ስንደርስ ካቡ ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ኳስ ግን በርከት አድርገው ይያዙ፤ የእኔ አልቋል።